የክሊቭላንዱ ድንጋይ

(መግቢያ ሙዚቃ፣ ቀስ ብሎ ይጠፋል)

ተራኪ፦ ጊዜው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1887 ነው፤ ቦታው በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የምትገኘው ክሊቭላንድ። ሜርኩሪ ላይ የተንሳፈፈ ሰፊ ድንጋይ በዝግታ ይሽከረከራል። ላዩ ላይ መስታወቶች ተተክለዋል። አልበርት ማይክልሰን አብሮት እየዞረ በመነጽር ያያል፣ ያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል። የሙከራው አጋሩ ኬሚስቱ ኤድዋርድ ሞርሊ ነው።

ሁለቱ የሚፈልጉት ኤተርን ነው። ድምፅ በአየር እንደሚሄድ ሁሉ ብርሃንም ጠፈርን በሞላ ኤተር በሚባል ነገር ውስጥ ይሄዳል፤ የዘመኑ ሊቃውንት እምነት ይህ ነበር። ምድር ደግሞ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈች ፀሐይን ትዞራለች። ኤተር ካለ፣ በምድር ጉዞ አቅጣጫ የተላከ ብርሃንና ወደ ጎን የተላከ ብርሃን እኩል ርቀት ሄደው ሲመለሱ እኩል መድረስ የለባቸውም።

መሣሪያው አንድ ጨረር ለሁለት ከፍሎ፣ በየአቅጣጫው ሰድዶ መልሶ ያገናኛል። አንዱ በጥቂቱ እንኳ ቢዘገይ፣ ሲገናኙ የሚፈጥሩት የብርሃንና የጥላ መስመር ቦታውን ይለቃል።

እኩለ ቀን ለኩ፤ አመሻሽም ለኩ። የታየው ለውጥ ከተጠበቀው ሃያኛ እጅ እንኳ አልሞላም። ማይክልሰን ተከፋ። መከፋት ግን አልነበረበትም።

(ሙዚቃ፣ አጭር)

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. በ1905 በስዊዘርላንድ በርን ከተማ፣ በፓተንት መሥሪያ ቤት የሚሠራው የ26 ዓመቱ አልበርት አንስታይን ኤተር አያስፈልግም አለ። ስለ ክሊቭላንዱ ሙከራ ምን ያህል ያውቅ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ያለው ግን ግልጽ ነው፦ ባዶ ጠፈር ውስጥ የብርሃን ፍጥነት ምንጩ ቢሮጥም ቢቆምም ለሁሉም አንድ ነው።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ወደ ሹፌሩ የሚራመድ ሰው፣ መንገድ ዳር ለቆመ ተመልካች 65 ገደማ ይሄዳል። አውቶቡሱ መብራቱን ሲያበራ ግን፣ በብርሃኑ ፍጥነት ላይ 60ው አይደመርም።

ፍጥነት ርቀት ለጊዜ ሲካፈል ነው። የብርሃን ፍጥነት አልለወጥም ካለ፣ የሚለዋወጡት ርቀቱና ጊዜው ይሆናሉ። ስለዚህ የሚጓዝ ሰዓት ቆሞ ለሚያየው ይዘገያል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓት በፍጥነታቸው ምክንያት ብቻ በቀን 7 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ወደ ኋላ ይቀራል፤ መሐንዲሶችም ይህን አስልተው ያርሙታል።

እ.ኤ.አ. ከ1983 ወዲህ የብርሃንን ፍጥነት በሜትር የሚለካ የለም። ቁጥሩ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ተብሎ ተቆርጧል፤ ሜትር ራሱ የሚለካው በብርሃን ነው።