የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር

ጥጥን የማያውቅ የዋጃ ሰው የለም። እናቶቻችን ያባዝቱታል፣ በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔውም ድርና ማግ አድርጎ ጋቢ ያወጣዋል። ኳስንም የማያውቅ የለም። ልጆች ጨርቅ ጠቅልለው በገመድ ያስሩና ሲራገጡ ይመሽባቸዋል። ታዲያ ጥጥና ኳስን ምን አገናኛቸው? የሚያገናኛቸው ድሬዳዋ ከተማ የነበረ አንድ ክለብ ነው። ስሙ ጥጥ ማኅበር ይባል ነበር። አምስት ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። ዛሬ ግን የለም። እንዴት እንደ ተነሣና ለምን እንደ ጠፋ እንመልከት።

በመጀመሪያ ክለብ ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ክለብ ማለት አሥራ አንድ ተጫዋች ማለት ብቻ አይደለም። ማልያ ያስፈልጋል፣ ጫማ ያስፈልጋል። ሌላ ከተማ ሄዶ ለመጫወት የመሳፈሪያ፣ የምግብና የመኝታ ገንዘብ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ወይም አንድ ድርጅት መክፈል አለበት። እንግዲህ የክለብ ዕድሜ የሚለካው በተጫዋቹ ጉልበት ብቻ ሳይሆን በከፋዩም አቅም ነው።

በአገራችን የሻምፒዮና ውድድር የተጀመረው በ1936 ዓ.ም. ነው። የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች፣ አምስተኛው ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ከአምስቱ ዛሬ በትልቁ ሊግ ስሙ የሚጠራው ጊዮርጊስ ብቻ ነው። የእንግሊዞቹ ቡድን ያለቀለት ወታደሮቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነው። ከፋዩ ሲሄድ ቡድኑም ይሄዳል ያልነው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንለፍ። ድሬዳዋ ከእኛ ሩቅ ናት፤ ነገር ግን እሷም ቆላ ናትና የዋጃን ሙቀት የለመደ ሰው እዚያ ብዙ አይቸገርም። ከተማዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚያ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ባቡር ባለበት ዕቃ ይገባል፣ ይወጣል። ስለዚህ ፋብሪካም ይከተላል። የጥጥ ፋብሪካው የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካም እዚያው ከተማ ተተከለ። እናቶቻችን በሳምንታት የሚፈትሉትን መኪናው በጥቂት ጊዜ ይጨርሰዋል። ለዚህም ብዙ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ብዙ ወጣት አንድ ቦታ ከተሰበሰበ ደግሞ ኳስ መምጣቱ አይቀርም!

ሁለቱ ፋብሪካዎች እያንዳንዳቸው ቡድን ነበራቸው። ጥጥ ማኅበርና ኢትዮ ሲሚንቶ ይባላሉ። እንደዚያ ዘመን ልማድ ተጫዋቹ በፋብሪካው ይቀጠራል፤ ደመወዙን ያገኛል፣ ኳሱንም ይጫወታል። ከ1952 እስከ 1957 ዓ.ም. ድረስ ስድስት ዓመት ሙሉ የኢትዮጵያ ዋንጫ ከድሬዳዋ አልወጣም። በ1952፣ በ1954፣ በ1955 እና በ1957 ጥጥ ማኅበር ወሰደው። በ1953 እና በ1956 ሲሚንቶ ወሰደው። አስቡት እስቲ፤ ጊዮርጊስና የጦር ሠራዊቱ ቡድን አዲስ አበባ ተቀምጠው ስድስት ዓመት ሲያዩ! ጨርቅ ሠሪና ሲሚንቶ ሠሪ ዋንጫውን እየተቀባበሉ ያዙት።

ጥጥ ማኅበር ለአገርም ተርፏል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ጨዋታ ተደረገ። ተጋጣሚያችን ግብጽ ነበረች። ግብጽ ሁለት ጊዜ መራች። ሁለት ጊዜም የኢትዮጵያ ልጆች አቻ አደረጉ። ሁለተኛውን ግብ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ያገባው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። መደበኛው ሰዓት ሁለት ለሁለት አለቀና ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠ። ያን ጊዜ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አገባ። መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረና አራት ለሁለት ሆነ። ወንድማማቾቹ አስመራ የተወለዱ፣ አባታቸው ጣሊያን፣ እናታቸው ኤርትራዊት ናቸው። ሁለቱም የጥጥ ማኅበርን ማልያ የለበሱ ናቸው። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አላገኘነውም። ሉቺያኖ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጣሊያን አገር ሞተ።

በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ክለቦች ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ዋንጫ ተወዳደሩ። መጨረሻ ላይ አራት ክለቦች ጋና፣ አክራ ከተማ ተገናኙ። ከአራቱ አንዱ የእኛው ጥጥ ማኅበር ነበር። በማሊው ስታድ ማሊያን ሦስት ለአንድ ተሸነፈ። ዋንጫውን የካሜሩኑ ኦሪክስ ወሰደ። ቢሸነፍም ከአህጉሩ አራት ክለቦች አንዱ መሆን ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ቁልቁል ሄደ። በ1958 ዋንጫው ወደ ጊዮርጊስ ተመለሰ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ትልልቅ ፋብሪካዎችን ወረሰ፤ የጨርቅ ፋብሪካውም የመንግሥት ሆነ። በ1969 እና በ1970 የሶማሊያ ጦር ሲወርር ጦርነቱ ድሬዳዋ ደጅ ደረሰ። የዚያን ዘመን ሻምፒዮኖች ስም ራሱ ዘመኑን ይናገራል፦ ምድር ባቡር፣ ኦጋዴን አንበሳ፣ ኦሜድላ፣ ትግል ፍሬ፣ እርምጃችን። ከእነዚህ ስንቱን የሚያስታውስ ወጣት አለ? ጥጥ ማኅበር ግን በ1975 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አምስተኛውን ዋንጫ ወሰደ። የመጨረሻውም እሱ ነው። የፋብሪካው መኪናዎች አረጁ፣ ከውጭ የሚገባ ርካሽ ጨርቅ ገበያውን ሞላው። ክር የማይሸጥ ፋብሪካ ጫማና ማልያ ከየት ይገዛል?

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። ሀብታም በምትባለው ቤልጂግ አገርም በ1967 ዓ.ም. የአገሩ ሻምፒዮን የነበረው የብራሰልሱ ሞለንቤክ ክለብ በ1994 ዓ.ም. ከስሮ ፈርሷል። ልዩነቱ መዝገብ ላይ ነው። ቤልጂጎች ለእያንዳንዱ ክለብ ቁጥር ይሰጣሉ። አንድ ቁጥር የአንትወርፕ ክለብ ነው፤ የሞለንቤክ ቁጥር 47 ነበር። ክለቡ ሲፈርስ እንኳ ቁጥሩ የማን እንደ ነበረ መዝገቡ ይናገራል። የእኛው ሲፈርስ ግን ታሪኩ የሚቀረው በሽማግሌ ተጫዋቾችና ደጋፊዎች አፍ ነው። እነሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። እኛ ይህ ያሳዝነናል፤ ምክንያቱም ታሪኩን በጽሑፍ ለማስቀመጥ አንድ ደብተርና እርሳስ ይበቃ ነበር።

በዘመናችን ድሬዳዋን ወክሎ በትልቁ ሊግ የተጫወተው ድሬዳዋ ከተማ የሚባለው ክለብ ነው። ማልያው ብርቱካንማ ነው። ወጪውን የሚሸፍነው ፋብሪካ ሳይሆን የከተማው አስተዳደር ነው። ከጥጥ ማኅበር አምስት ዋንጫዎች አንዱም በዚህ ክለብ ስም አይቆጠርም።