ሞተር የሚሠራና ሞተር የሚገዛ፦ የውድድር ቡድኖች፣ ፋብሪካዎች እና የአገራችን ሯጮች



የዛሬው ርእስ የሚነሣው ከመኪና ውድድር ነው፤ የሚያርፈው ግን በእግረኛ ላይ ነው። በፎርሙላ ዋን ሁለት ዓይነት ቡድኖች ይወዳደራሉ። እንደ ፌራሪና መርሰዴስ ያሉት መኪናውንም ሞተሩንም ራሳቸው የሚሠሩ፣ ከኋላቸው ፋብሪካ ያለላቸው ናቸው። እንደ ዊልያምስ ያሉት ደግሞ ሞተሩን ከሌላ ገዝተው የቀረውን ራሳቸው የሚሠሩ ናቸው። የነዚህኞቹ ዘመን አልፏል የሚል አስተያየት በተደጋጋሚ ይሰማል፤ ፋብሪካ ገንዘብም፣ ላቦራቶሪም፣ ትዕግሥትም አለው ይባላል። በገንዘቡና በላቦራቶሪው እስማማለሁ። በትዕግሥቱ ግን ታሪክ አይመሰክርለትም።

እ.ኤ.አ. በ1967 ኮስዎርዝ የተባለ አነስተኛ የእንግሊዝ ድርጅት በፎርድ 100,000 ፓውንድ ድጋፍ አንድ ሞተር ሠራ። በመጀመሪያው ዓመት ሞተሩ ለሎተስ ቡድን ብቻ ተሰጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ለሌሎችም መሸጥ ጀመረ። በዘመኑ 155 ውድድሮችን ያሸነፈው ይህ ሞተር፣ ጥቂት ሠራተኞች ብቻ ያሏቸው ቡድኖች ከፌራሪ ጋር እኩል እንዲሰለፉ አስችሏል። ፋብሪካዎች በበኩላቸው የአክሲዮን ባለቤቶቻቸው ፊት ሲጠቁር ዕቃቸውን ሸክፈው ይሄዳሉ። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ፣ ቢ ኤም ደብልዩና ቶዮታ በ2009 ከውድድሩ ወጥተዋል። ሆንዳ ጥሎት የሄደው ቡድን በሮስ ብራውን ስም እንደገና ቆሞ፣ የመርሰዴስ ሞተር ገጥሞ፣ በዚያው በ2009 ሻምፒዮን ሆነ። በ2024ም ማክላረን የመርሰዴስን ሞተር ይዞ መርሰዴስን ራሱን ቀድሟል።

ስለዚህ ቁም ነገሩ መግዛት ወይም አለመግዛት አይደለም፤ በምን ውል ይገዛል፣ የገዛውንስ ምን ያህል ያውቀዋል የሚለው ነው።

የመኪና መወዳደሪያ በሌለበት ከተማ ይህን ማንሣቴ የሚያስገርማችሁ ካላችሁ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ከአያት አልፋችሁ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ውጡ። የእኛ ተወዳዳሪዎች እዚያ ናቸው። ሞተሩ የራሳቸው ልብና ሳንባ ነው፤ ጎማው ግን ከውጭ ይመጣል። ፋብሪካዎቹ አዲዳስ፣ ናይኪ፣ አሲክስ፣ አሁን ደግሞ የቻይናው አንታ ናቸው። ፋብሪካ የሌላቸው ቡድኖች ደግሞ ክለቦቻችን ናቸው፤ መቻል፣ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ፣ ማረሚያ ቤቶች።

ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም የቀረበለት ጫማ ስላልተስማማው በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በ1964 በቶኪዮ ጫማ አድርጎ እንደገና አሸነፈ። ያን ጊዜ ጫማ እግርን ከጠጠር ይጠብቅ ነበር እንጂ ውጤት አይወስንም ነበር፤ ኩባንያው ከአትሌቱ የሚፈልገው ስሙን ብቻ ነበር። ይህ ሁኔታ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆየ።

እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ሦስቱም ሯጮች፣ የብር ሜዳሊያ ያገኘው ፈይሳ ሌሊሳ ጭምር፣ ገና ለገበያ ያልቀረበ የናይኪ ጫማ አድርገው ነበር። ወፍራም ግን ቀላል ስፖንጅና በውስጡ የተቀበረ የካርቦን ዝርግ ያለው ይህ ጫማ የሯጩን የኃይል ወጪ በአማካይ በ4 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ በኋላ በቤተ ሙከራ ታየ። በማራቶን ይህ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። አጠገባቸው የቆሙት ተወዳዳሪዎች ግን ምን ዓይነት ጫማ እንደሚገጥማቸው አያውቁም ነበር።

የዓለም አትሌቲክስ በጃንዋሪ 2020 ደንብ አወጣ፤ የጎዳና ውድድር ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ከአንድ በላይ ዝርግ እንዳይኖረው፣ ጫማውም በገበያ የሚገኝ እንዲሆን። የመጨረሻው ነጥብ የኮስዎርዝን ሞተር ለሁሉም ከመሸጥ ጋር አንድ ነው። ሆኖም በኋላ በሙከራ ላይ ያለ ጫማ ከኦሊምፒክና ከዓለም ሻምፒዮና ውጪ ለተወሰነ ጊዜ እንዲሮጥበት ተፈቀደ፤ በፊት በር የወጣው የፋብሪካ ልዩ መብት በጓሮ በር ተመለሰ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትገባ ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥ፣ ለአንድ ውድድር የታሰበ ነበር። ድሉ የእርሷ ነው፤ ይህን ለማሳነስ የሚሞክሩትን አልወድላቸውም። ነገር ግን ያንን ጫማ ለሠላሳ ወጣቶች መግዛት የሚችል ክለብ አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።

የአደጋው ሸክም የሚወድቀው በማን ላይ እንደሆነ ደግሞ ደራራ ሁሪሳ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ2021 በቪየና ማራቶን አንደኛ ገባ። ወዲያው የጫማው ሶል 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ውጤቱ ተሰረዘ፤ አስቀድሞ ያስመዘገበው ሌላ ጫማ ነበር። ድሉ ከእርሱ በሦስት ሰከንድ ዘግይቶ ለገባው ኬንያዊ ተሰጠ። ፋብሪካው ያንን ጫማ የሚሠራው ለልምምድ ነው፤ ስለዚህ አልተጠየቀም። አሥር ሚሊ ሜትር በተራ ማስመሪያ የሚለካ ነገር ነው።

የፋብሪካ ውል ሌላም ገጽ አለው። ሰዓት ለሰበረ ጉርሻ፣ ለተጎዳ ቅነሳ። እንደ አሜሪካዊቷ አሊሰን ፌሊክስ ያሉ ሯጮች በ2019 ስለ እርግዝናና ስለ ክፍያ ቅነሳ በይፋ እስኪናገሩ ድረስ ጉዳዩ በአብዛኛው በሹክሹክታ ይወራ ነበር። ደካማ በሆኑት ወራት ደመወዝ የሚከፍለው ክለብ ነው። በእግር ኳስ ከዝውውር ክፍያ 5 በመቶው ተጫዋቹን ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል፤ ሯጭ ከጫማ ኩባንያ ጋር ሲፈራረም ግን ላሳደገው ክለብ የሚደርሰው እንዲህ ያለ ድርሻ የለም።

ገዢ ሆኖ ጠንካራ መሆን እንደሚቻል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አይሠራም፤ ከቦይንግም ከኤርባስም ይገዛል፣ ቦሌ ላይ በራሱ ጥገና ክፍል ይፈታል፣ ይገጥማል፣ አብራሪውንና ቴክኒሻኑን ራሱ ያሠለጥናል። ይሁንና በማርች 10 ቀን 2019 ከቦሌ የተነሣው 302 በረራ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ወድቆ 157 ሰዎች አልቀዋል። አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋውን ሥርዓት አምራቹ በመጀመሪያ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ እንኳ አልገለጸውም ነበር። ሁለቱን ጉዳዮች በክብደት አላወዳድርም። አምራች የሚያውቀውንና ገዢ የማያውቀውን ነገር ስናገር ግን ይህን አልፌ መሄድ አልችልም።

ለክለቦቻችን የምመኘው ፋብሪካ አይደለም። በመጀመሪያ ውሉን ሯጩ በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ ከፊርማ በፊት የሚያስረዳ ሰው ይኑራቸው። ቀጥሎ ልኬት። አራት በመቶ የተባለው አማካይ ነው፤ አንዱ ሯጭ ከዚያ በላይ ይጠቀማል፣ ሌላው ከናካቴው ላይጠቀም ይችላል። ለየትኛዋ ልጅ የትኛው ጫማ እንደሚሠራ ማወቅ የሚቻለው እርሷን ራሷን፣ በምትለማመድበት ከፍታ ላይ በመለካት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መሮጫ ማሽን፣ አንድ የትንፋሽ መለኪያ፣ ሁለት ሦስት ጥንድ ጫማና ለአንዲት ሯጭ አንድ ጠዋት ነው። ውጤቱም በክለቡ መዝገብ ይቀመጥ፤ ኩባንያው ለድርድር ሲመጣ በጠረጴዛው ላይ ቁጥር ያለው እርሱ ብቻ አይሆንም።