«ማስነሣት»፣ «ማላቀቅ» እና «ማቆራኘት»፦ የተሰናከሉ ተጓዳኝ መሣሪያዎችን ወደ ሥራ ስለ መመለስ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከኮምፒዩተር ጋር የሚሠሩ መሣሪያዎች ሲሰናከሉ ኮምፒዩተሩን በሙሉ ማጥፋት ሳያስፈልግ የሚቃኑበትን መንገድ ማስረዳትና ለዚሁ ተግባር የሚስማሙ የአማርኛ ስያሜዎችን መመርመር ነው። ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን «መሣሪያውን እንደገና አስነሣ» የሚል መመሪያ የተሰጠው ሠራተኛ፣ «መሣሪያ» የተባለው ማተሚያው ይሁን ኮምፒዩተሩ ካልተለየለት፣ ያላስቀመጠው የግማሽ ቀን ሥራ በአንድ ቁልፍ ሊጠፋበት ይችላል። የሕሙማንን የምርመራ ውጤት በመመዝገብ ላይ ያለ ኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከአንድ ሰው ሥራ ያልፋል።

ማተሚያ፣ የቁልፍ ሰሌዳ፣ ስካነርና የመሳሰሉት «ተጓዳኝ መሣሪያዎች» ይባላሉ። ተጓዳኝ ጎን ለጎን የሚሄድ ማለት ስለሆነ ስያሜው ጽንሰ ሐሳቡን በሚገባ ይገልጸዋል። የአንድ ተጓዳኝ መሰናከል የመንገደኞቹን ሁሉ ጉዞ ማስቀረት የለበትምና። በመሣሪያውና በሥርዓተ ክወናው መካከል ሆኖ የሚያግባባው ደግሞ «ነጂ» የተባለው ፕሮግራም ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው መሣሪያው ሳይሆን ይኸው ነጂ ወይም ከእርሱ በላይ ያለው አገልግሎት ነው። ስለዚህም ማቃናቱ ከቀላሉ ወደ ከባዱ በደረጃ ይከናወናል።

የመጀመሪያው ደረጃ አገልግሎቱን ብቻ ማስቆምና ማስጀመር ነው። ለምሳሌ በዊንዶውስ ሊታተሙ የቀረቡ ሰነዶችን ተራ የሚያስይዝ «ስፑለር» የሚባል አገልግሎት አለ። አንድ ሰነድ ሳይታተም ተቀርቅሮ የኋላዎቹን ሲያግድ አገልግሎቱን አስቁሞ፣ የተቀረቀረውን ሰነድ ሰርዞ፣ እንደገና ማስጀመር ይበቃል። ለዚህ አገልግሎት በታክሲ ማቆሚያዎች የምናውቀው «ተራ አስከባሪ» የሚለው ቃል ተስማሚ ይመስለናል።

ሁለተኛው ደረጃ ነጂውን ከመሣሪያው ለይቶ መልሶ ማገናኘት ነው። በዊንዶውስ ይህ የሚከናወነው መሣሪያውን ከዝርዝሩ መርጦ ለጊዜው በማገድና እንደገና በመፍቀድ ነው። በሊኑክስ ግን «አንባይንድ» እና «ባይንድ» በተባሉ ፋይሎች ላይ የመሣሪያውን መለያ በመጻፍ ይፈጸማል። ለሁለቱ ተግባራት «ማላቀቅ» እና «ማቆራኘት» የሚሉትን ግሦች እናቀርባለን። በቀድሞው የአገራችን የዳኝነት ልማድ ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት ሲታሰሩ ቁራኛ ይባሉ ነበር። ነጂና መሣሪያም እንዲሁ አንዱ ያለ ሌላው የማይንቀሳቀስ ጥንድ ናቸው።

ሦስተኛው ደረጃ የመሰኪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የመጀመሪያ ደረጃ መግለጫው የወጣው ዩኤስቢ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የመሰኪያው ተቆጣጣሪ የዳግም ማስጀመሪያ ምልክት ሲልክ መሣሪያው የተሰጠውን አድራሻ ያጣል፤ ማንነቱም እንደ አዲስ ይጠየቃል። ይህም ገመዱን ነቅሎ ከመሰካት ጋር ይመሳሰላል፤ ሆኖም የኤሌክትሪክ ኃይሉ ስለማይቋረጥ በመሣሪያው ውስጥ የተንጠለጠለውን ብልሽት ሁሉ ላያጠፋ ይችላል።

እዚህ ላይ «ወደብ» የሚለውን ትርጉም ልንመረምረው ይገባል። በእንግሊዝኛ «ፖርት» የሚባሉ ሁለት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ቃላት አሉ። አንዱ ከላቲኑ «ፖርቱስ» የመጣ የመርከብ ማረፊያ ሲሆን ሌላው «ፖርታ» ከሚለው የመጣ በር ወይም ቀዳዳ ነው። ለኮምፒዩተሩ ጽንሰ ሐሳብ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው። «ወደብ» ያሉት ግን የመጀመሪያውን ተርጉመዋል። «መሰኪያ» የሚለው ቃል ለሁሉም ግልጽ ስለሆነ እርሱን መርጠናል።

«ማገገም» የሚለውም ቃል ለዚህ ተግባር ሲውል ይታያል። ነገር ግን «አገገመ» ተሳቢ የማይወስድ ግሥ ነው። «ማተሚያው አገገመ» ይባላል እንጂ «ማተሚያውን አገገምሁት» አይባልም። ስለዚህ ቃሉ ሥርዓቱ ያለ ሰው እጅ ለሚፈጽመው መቃናት ቢወሰን ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ፣ የምስል ካርዱ በተለመደው አደራረግ ለ2 ሴኮንድ መልስ ካልሰጠ ካርዱንና ነጂውን ብቻ ዳግም ያስጀምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባውም መሪነት በአምስተርዳም የወጣው ሚኒክስ 3 ከዚህም አልፎ ነጂዎችን ከሥርዓተ ክወናው እምብርት ውጭ አድርጓል። የሞተውን ነጂ በአዲስ ቅጂ የሚተካው ክፍልም በስሙ «ዳግም ልደት» የሚል ትርጉም ያለው ነው።

ይሁን እንጂ እነዚህ መንገዶች ወሰን አላቸው። ዲስክ ሳይሰናበት ቢላቀቅ ገና ያልተጻፈ መረጃ ይጠፋል። ያለውን አንድ የቁልፍ ሰሌዳ ያላቀቀ ሰው መልሶ የሚያቆራኝበት እጅ አይኖረውም። ነጂው በእምብርቱ ውስጥ ከተንጠለጠለም የማላቀቂያው ትእዛዝ አብሮ ሊንጠለጠል ይችላልና ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩን ማስነሣት ግድ ይሆናል።

«ተነሣ» እና «አስነሣ» የሚሉት ግሦች ከግዕዙ «ተንሥአ» ጋር ሥራቸው አንድ ነው፤ የወደቀ ሙሉ አካል ቀጥ ብሎ መቆሙን ያመለክታሉ። ስለዚህ «ማስነሣት» ያለ ቅጽል ሲነገር ለኮምፒዩተሩ በሙሉ ብቻ ይሁን። ለአንድ ክፍል የሚደረገው «ከፊል ማስነሣት» ይባል፤ በእርሱም ሥር ለአገልግሎት «ማስጀመር»፣ ለነጂ «ማላቀቅና ማቆራኘት»፣ ለመሰኪያ «ዳግም ማስጀመር» ይመደቡ። መመሪያ ጸሐፊም ከግሡ በፊት የመሣሪያውን ስም በግልጽ ያስቀምጥ። «ማተሚያውን አላቅቀህ አቆራኝ» የተባለ ሠራተኛ እጁን ወደ ኮምፒዩተሩ ማጥፊያ አይሰድም።