ክሩን አትሳቡት

«ድመት ክር ከዋጠች ጫፉን ይዞ ቀስ እያሉ መሳብ ነው፤ እምቢ ካለ ዘይት መጋት።» ሰሞኑን ይህ ምክር ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ነው። እንደ እንስሳት ሐኪም በግልጽ ልናገር፤ ሁለቱም ስህተት ነው፤ ሁለቱም ይገድላል። ዘይቱ የተያዘን ክር አያላቅቅም፤ በግድ ሲጋት ግን ወደ ሳንባ ገብቶ ሌላ በሽታ ያመጣል። መሳቡ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው።

ጠጠር፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም ካልሲ የዋጠ ውሻ ጉዳይ ለማስረዳት አያስቸግርም። የተዋጠው ነገር ጠባብ ቦታ ላይ ይቀረቀራል፤ ውሻው ያስታውካል፣ ውሃ ያጥረዋል፤ ሐኪሙ ከፍቶ ያወጣዋል። ክር ግን አንጀቱን እንደዚያ አይደፍንም። ጉዳቱን የሚያደርሰው የአንጀቱን የራሱን ጉልበት በአንጀቱ ላይ እያዋለ ነው።

የድመት ምላስ ላይ ያሉት ሸካራ እሾሆች ጫፋቸው ወደ ጉሮሮ ያዘነበለ ነው። ስለዚህ የስፌት ክር፣ የኬክ ሳጥን ሪባን ወይም ሥጋ የታሰረበት ሲባጎ አንዴ አፏ ከገባ መትፋት ይቸግራታል፤ ትውጠዋለች። ከዚያ አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ይጠመጠማል፣ ወይም ተድበልብሎ የጨጓራዋ መውጫ ላይ ይያዛል። ሌላው ጫፍ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. በ1899 ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በውሾች ላይ ባደረጉት ጥናት የአንጀትን ሕግ አስቀምጠዋል፤ አንጀት ውስጥ አንድ ነገር ሲገኝ ከበላዩ ያለው ክፍል ይኮማተራል፣ ከበታቹ ያለው ይላላል። ምግብ ወደ ታች የሚገፋው በዚህ ነው። አንጀት ክሩንም እንደ ምግብ ሊገፋው ይሞክራል። ክሩ ግን ከላይ ስለታሰረ አይሄድም። ክሩ ካልሄደ አንጀቱ ራሱ ክሩን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲባጎ ላይ የተንጠለጠለ መጋረጃ ወደ አንድ ጥግ ሲገፋ እንደሚሰበሰበው፣ እጥፍ በእጥፍ ይሆናል። መተላለፊያው በጠበበ ቁጥር አንጀቱ አብልጦ ይገፋል፤ አብልጦ በገፋ ቁጥር ክሩ ይወጠራል።

አንጀት በአንድ ጎኑ የደም ሥሮቹን ከሚያመጣለት ስስ ሽፋን ጋር ተያይዟል። ሲሰበሰብ የእጥፋቶቹ ውስጠኛ ጎን ይኸው ነው። የተወጠረ ክር ደግሞ አጭሩን መንገድ ስለሚይዝ በዚሁ ጎን ላይ ይጋደምና በእያንዳንዱ የአንጀት ሞገድ እንደ መጋዝ ይመላለሳል። ቀዳዳው የሚከፈተው እዚያው፣ ስብና የደም ሥር ሸፍኖት ቀዶ ሐኪሙ በቀላሉ በማያየው በኩል ነው። ከዚያ ባክቴሪያ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈስሳል። ጫፉን ይዛችሁ ስትስቡ አንጀቱ የጀመረውን መቁረጥ እናንተ በአንድ ጊዜ ትጨርሱታላችሁ። በፊንጢጣዋ በኩል ብቅ ያለ ክርም ቢሆን አይሳብም።

ጥሩ ሐኪም አስቀድሞ የሚያየው ምላስ ሥር ነው። ከአገጯ በታች ባለው ለስላሳ ቦታ በአውራ ጣት ወደ ላይ ሲጫን ምላሷ ይነሣል፤ ቀናት ያለፉት ክር ሥጋ ውስጥ ገብቶ ሊሰወር ስለሚችል በችኮላ አይታይም። ራጅ ላይ መርፌ ይታያል፣ ክር አይታይም፤ የሚታየው የተሰበሰበው አንጀትና በእጥፋቶቹ መካከል የተያዘው አየር ነው።

ቀዶ ሕክምናው በደም ሥር ፈሳሽ ከመስጠት ይጀምራል። ቀጥሎ የታሰረው ጫፍ ይለቀቃል፤ ይህ ሳይሆን ክሩ አይነካም። ከዚያ ጨጓራው፣ እንደ አስፈላጊነቱም አንጀቱ ከአንድ በላይ ቦታ ተከፍቶ ክሩ እየተቆረጠ ይወጣል። ስፌቱ የሚይዘው ከአንጀት ውስጠኛ ልስልስ ገጽ ቀጥሎ ባለው ጠንካራ ሽፋን ነው፤ ይህን አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ሃልስቴድ እ.ኤ.አ. በ1887 በውሾች ላይ ባደረገው ሙከራ አሳይቷል። በመጨረሻ ሞራው ስፌቱ ላይ ይደረባል፤ ደም ያመጣል፣ ጥቃቅን ክፍተትንም ይደፍናል።

የሙያ ባልደረቦቼ የማይስማሙበት ጉዳይ አለ። ምላስ ሥር ያለውን ክር ቆርጦ መጠበቅ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እንዲህ ተደርጎላቸው ክሩን ከዓይነ ምድር ጋር ያስወጡ ድመቶችም አሉ። አልክድም። ግን ቶሎ ለደረሰች፣ ለማታስታውክ፣ ሆዷን ስትነካ ለማያማትና ትኩሳት ለሌላት ድመት ብቻ፣ ያውም ቀዶ ሕክምና ወዲያው በሚቻልበት ቦታ ተኝታ እየታየች ነው። ውሻ ላይ ክሩ ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ጨጓራው መውጫ ላይ ስለሆነ ይህ አማራጭ እምብዛም አይሠራም። ስንት ቦታ እንክፈት የሚለውም ያከራክራል፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ስፌት የማፍሰስ ዕድል ይጨምራል፣ በአንድ ቀዳዳ ረጅም ክር መጎተትም አንጀቱን ይቆርጣል። እኔ ከመጎተት መክፈትን እመርጣለሁ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አደገኛው ጊዜ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ነው፤ ስፌቱ ከለቀቀ በአብዛኛው የሚለቅቀው ያኔ ነው። መብላት ጀምራ የነበረች ድመት በእነዚህ ቀናት ምግብ እምቢ ካለች፣ ካስታወከች ወይም ከደበታት እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ለሐኪሙ ይደወላል።