በሽታ አዝመራን አይጠብቅም፦ ለቤተሰብ የሚበጀው መድኑ ነው ወይስ ቁጠባው?



በሳንጃና በዙሪያዋ ባለው የአርማጭሆ ቆላ ገበሬው ገንዘብ የሚያየው ሰሊጡ ታጭዶና ተራግፎ ገበያ ሲወጣ ነው። ወባ ግን የሚበረታው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ክረምቱ ሲወጣና ያቆረው ውኃ ሲቀር፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። እንግዲህ በሽታ ደጅ የሚያንኳኳው ኪስ ባዶ በሆነበት ወቅት ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ አባወራው ወይ በሬውን ይሸጣል፣ ወይ ማሳ ላይ ያለ ሰሊጡን አስቀድሞ በርካሽ ይሰጣል፣ አለዚያም አራጣ አበዳሪ ዘንድ ይሄዳል። በሽተኛው በአላህ ፈቃድ በሳምንት ሊድን ይችላል፤ የአራጣው ዕዳ ግን ዓመት አልፎትም ቤቱን አይለቅም። በዚህ ዓለም ድህነትን፣ በወዲያኛው ደግሞ ተጠያቂነትን ያስከትላል።

ታዲያ ከዚህ መከራ ለመዳን ቤተሰብ አስቀድሞ ምን ሊያዘጋጅ ይችላል? መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ከሌሎች ጋር አዋጥቶ መረዳዳት፣ ማለትም መድን ነው። ሁለተኛው ለራስ ማስቀመጥ፣ ማለትም ቁጠባ ነው።

የሁለቱ ልዩነት

አንድ ቤተሰብ በየሳምንቱ 50 ብር ለሕክምና ብሎ ቢያስቀምጥ በዓመቱ 2,600 ብር ይኖረዋል። ካልታመመ ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ነገር ግን በሁለተኛው ወር ላይ ከባድ በሽታ ቢመጣ በእጁ ያለው 400 ብር ብቻ ነው። መድን በአንጻሩ ያልታመመው ያዋጣውን የማይመልስለት ቢሆንም፣ ከመዋጮው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሕክምና ያስገኛል። ቁጠባ ለትንሹና ለሚደጋገመው ወጪ ይበጃል፤ መድን ለትልቁና ለድንገተኛው።

ይህን የተረዱ አገሮች ሁለቱን አጣምረዋል። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሠራተኛው ከደመወዙ ለሕክምና እንዲቆጥብ በሕግ አስገድዳለች። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ የጤና ቁጠባ ሂሳብን ፈቀደች። ሂሳቡን መክፈት የሚችለው መነሻውን ወጪ ከኪሱ ለመሸፈን የተስማማ ባለ መድን ነው፤ በ2025 ይህ መነሻ ለቤተሰብ ቢያንስ 3,300 ዶላር ነበር። ወርኃዊ መዋጮው ዝቅ ይላል፤ የተቆጠበው ግብር አይከፈልበትም፤ ያልወጣውም ለባለቤቱ ይቀራል። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ምርጫ ሲያደርጉ በመዋጮው ማነስ ብቻ መታለል የለባቸውም። መነሻውን ወጪ የሚሸፍን ጥሪት የሌለው ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ቤተሰብ በርካሹ መድን ሊጎዳ ይችላል። ሂሳቡ ወለድ የሚታሰብበት ከሆነም ሙስሊሙ ስለ ወለዱ ዓሊም መጠየቅ ይኖርበታል።

በእኛ አገር ያለው

በኢትዮጵያ ለገበሬው፣ ለአርብቶ አደሩና ለአነስተኛ ነጋዴው የተዘጋጀው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች ውስጥ በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበሩ። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር በአንድነት ይመዘገባሉ። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ልጆች ግን ተጨማሪ ይከፈላል። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት መዋጮውን ይሸፍንላቸዋል።

አባሉ ካርዱን ይዞ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ጉዳዩ ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ሳንጃ ወዳለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም ውል ወዳለበት ከፍተኛ ሆስፒታል በሪፈር ወረቀት ይተላለፋል። ይህን ቅብብሎሽ ዘሎ የሚሄድ ሰው ወጪው በከፊል ወይም በሙሉ በራሱ ላይ ይወድቃል። ምርመራ፣ መድኃኒትና ተኝቶ መታከም በመድኑ ሲሸፈኑ፣ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም።

ካርዱ የማይደርስበት

ይሁን እንጂ ካርድ መያዝ ብቻውን በቂ አይደለም። በብዙ ቦታ የአባላት ምሬት መድኃኒት ከመንግሥት ተቋም መታጣቱና ከግል ፋርማሲ በጥሬ ገንዘብ ለመግዛት መገደዳቸው ነው።

ሌላው ትልቅ ምሳሌ ካላዛር ነው። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ይህ በሽታ ከሁመራ እስከ መተማ ባለው ቆላ በተለይ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርደውን ወጣት ያጠቃል። የካላዛርም ሆነ የወባ መድኃኒት በመንግሥት ተቋም በነፃ ይሰጣል። ነገር ግን የተለመደው የካላዛር ሕክምና ለ17 ቀናት በየቀኑ መርፌ መወጋትን ይጠይቃል። ለእነዚያ ቀናት የአስታማሚው ምግብና ማደሪያ፣ በትክል ድንጋይ በኩል እስከ ጎንደር ያለው መጓጓዣ፣ የቆመው የአጨዳ ሥራ ከየት ይሸፈናል? ይህን መድኑ አይከፍልም፤ የቤተሰቡ ቁጠባ እንጂ። ከሌላ ወረዳ ለሥራ የሚወርድ ወጣትም ካርዱ የተመዘገበው በአገሩ ስለሆነ፣ በሄደበት ይሠራ እንደሆነ ከመነሣቱ በፊት መጠየቅ አለበት።

ሸሪዓችንስ?

አንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች «ተወኩል ያለው ሰው መድን ምን ያደርግለታል?» ይላሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ግመሉን ሳያስር ልተወውን ብሎ ለጠየቃቸው ሰው አስቀድሞ እንዲያስራት፣ ከዚያም በአላህ (ሱ.ወ.) ላይ እንዲመካ ነግረውታል። አሽዐሪዮች የሚባሉት ሶሐቦች ደግሞ ስንቅ ሲያንሳቸው ያላቸውን በአንድ ጨርቅ ሰብስበው እኩል ይካፈሉ እንደነበር፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳመሰገኗቸው ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል።

የጥያቄው ክብደት ያለው በውሉ ዓይነት ላይ ነው። መቀመጫውን ጂዳ ያደረገው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳለፈው ውሳኔ ለትርፍ የሚሠራውን የንግድ መድን በውስጡ ባለው ገረር፣ ማለትም ግልጽ ባልሆነ ነገር ላይ መዋዋል፣ ምክንያት ከልክሎ፣ በመዋጮና በመረዳዳት ላይ የቆመውን መድን ፈቅዷል። በዚህ ረገድ ጎረቤታችን ሱዳን ቀዳሚ ነች፤ የመጀመሪያው እስላማዊ የመድን ኩባንያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1979 እዚያ ነው። ማኅበረሰብ አቀፉ መድን ለትርፍ የማይሠራ መዋጮ በመሆኑ ከመረዳዳቱ ዓይነት ጋር ይቀራረባል። ያም ሆኖ ልቡ ያልረጋ ሰው የአካባቢውን ዓሊም ጠይቆ ይወስን።

ቁጠባውንም ከወለድ ማራቅ ግድ ነው። ዛሬ ምክንያት የለንም፤ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክን የመሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች አሉ፤ በሌሎች ባንኮችም የተለየ መስኮት ተከፍቷል። ለሕክምና የተቀመጠ ገንዘብም ኒሳብ ከሞላና የጨረቃ ዓመት ከዞረበት ከመቶ 2.5 ዘካ እንዳለበት አንዘንጋ።

ቤተሰቡ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ የመድኑን መዋጮ ሰሊጡ በተሸጠ ሰሞን፣ ገንዘቡ ለድግስና ለልብስ ሳይበተን ይክፈል፤ ካርዱንም በየዓመቱ ያሳድስ። ሁለተኛ፣ ከዚያው ሽያጭ ለመጓጓዣ፣ ለአስታማሚና ለሚታጣ መድኃኒት የሚሆን ገንዘብ ለይቶ ያስቀምጥ። ሚስት የቁጠባውን መጠንና ቦታ ትወቅ፤ አባወራው ራሱ የታመመ ዕለት የምትንቀሳቀሰው እርሷ ናትና። ሦስተኛ፣ እድራችንና ጀመዓችን መዋጮ ላጣ ጎረቤት ይድረስ። እድር ለቀብር የሚያወጣውን ያህል ለሕክምና ቢያወጣ፣ በአላህ ፈቃድ ስንቱ ከአልጋው በተነሣ ነበር! አራተኛ፣ ወጣቱ ወደ እርሻ ሲወርድ የመኝታ አጎበር ይያዝ፤ ትኩሳት ከያዘው «ይለቀኛል» ብሎ ሳይቆይ ቶሎ ይታከም።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ መምረጥ የግድ ላለበት ድሃ ቤተሰብ ግን መድኑ ይቅደም እንላለን፤ በሬውንና ሃይማኖቱን ከአራጣ አበዳሪው የሚጠብቅለት እርሱ ነውና። ለሚችል ሁለቱንም ይያዝ።

ሰበቡን ማድረስ የእኛ ነው፤ ሺፋው ከአላህ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፣ ከዕዳም ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።