ንጉሡን ማን ቀባ፣ ጳጳሱንስ ማን ሾመ?

ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ ስትወርዱ፣ ከአፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት ያለውን ሰፊ ግቢ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ይባላል፤ ሲሠራ ግን ስሙ ኢዮቤልዩ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የነገሡበት 25ኛ ዓመት በ1948 ሲከበር ከዚህ ግቢ በተጨማሪ አንድ ሰነድም ወጣ፤ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት። ለእኔ ከሕንፃው ይልቅ የሚያስደንቀው እሱ ነው።

አንቀጽ 4 እንዲህ ያለ ነው፦ ንጉሠ ነገሥቱ ከዘራቸውና ከተቀቡት ቅባት የተነሳ አካላቸው ቅዱስ ነው፣ ክብራቸው አይደፈርም፣ ሥልጣናቸው አይገሰስም። የእንግሊዙ ቀዳማዊ ቻርልስም ሥልጣኑ ከእግዚአብሔር እንደሆነ ያምን ነበር፤ በ1649 እ.ኤ.አ. አንገቱ ተቆረጠ። ከዚያ 300 ዓመት አልፎ እኛ ዘንድ ይኸው እምነት በአንቀጽ ቁጥር ተጻፈ።

አሁን የዚሁ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126ን እና 127ን አንብቡ። በጸሎት ሁሉ የንጉሠ ነገሥቱ ስም እንዲጠራ ሕግ ያዛል። ጳጳስ ቢመረጥም ንጉሠ ነገሥቱ ካላጸደቁት አይሾምም። ልብ በሉ፦ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ንጉሡን የቀቡት ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስ ናቸው። ስለዚህ ጳጳስ ንጉሥን ይቀባል፣ የተቀባው ንጉሥ ደግሞ ጳጳስን ያጸድቃል። ማን ከማን በላይ ነው?

ድሮ ይህ ክብ አልተዘጋም ነበር። አቡኑ ለ1600 ዓመታት ያህል ከግብፅ፣ ከእስክንድርያ ተሹመው ይመጡ ስለነበር ንጉሥ የገዛ ጳጳሱን መሾም አይችልም ነበር። አቡኑም ጉልበት ነበራቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 መኳንንቱ ያኔ ሀገር ይመሩ የነበሩትን ልጅ ኢያሱን ሲሽሩ ጦር ብቻ አልበቃቸውም፤ ለእሳቸው ከገቡት መሐላ የሚፈታቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። የፈቷቸው አቡነ ማቴዎስ ናቸው። ኢያሱ ደግሞ ገና ዘውድ አልጫኑም፣ አልተቀቡምም ነበር፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1951 አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። ሀገር የተደሰተበት፣ ሊደሰትበትም የሚገባ ነፃነት ነው። ነገር ግን ሹመቱን ከእስክንድርያ አንስቶ ቤተ መንግሥት ደጃፍ አደረሰው።

መስከረም 2 ቀን 1967 የደርግ መኮንኖች እዚያው ኢዮቤልዩ ገብተው የሽረቱን ቃል አነበቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱንም በቮልስዋገን ይዘዋቸው ወጡ። ቅባቱ ቀረ። የማጽደቅ ሥልጣኑስ? እሱን ደርግ ለራሱ አስቀረው። በየካቲት 1968 ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው ሲያወርድ ከክሶቹ አንዱ ያለ መንግሥት ፈቃድ ጳጳሳት መሾማቸው ነበር። በ1971 ተገደሉ። ዘውድ የማያውቅ፣ እግዚአብሔርንም የማይጠራ መንግሥት፣ የተቀባውን ንጉሥ መብት ወርሶ ይሠራበት ነበር ማለት ነው። ይህን ስናስብ የአቡኑ ሞት የበለጠ ያሳዝናል።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለያየ፤ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባም ደነገገ። በሁለቱ ሕጎች መካከል ያለው 39 ዓመት ብቻ ነው። 127ን እና 11ን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቧቸው።