የጓሳ ሕግና የከተማ ቦታ ምደባ

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋው የጓሳ ምድር ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ጠንካራ ሣር ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መንዜው በጓሳ ሣር ቤቱን ይከድናል፤ ገመድ ይገምዳል፤ ከዝናብ የሚሸሸግበትን ገሳ ይሠራል። ከዚህ ምድር ከሚመነጩት ምንጮች አንዳንዶቹ ወደ ዓባይ፣ አንዳንዶቹም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም መኖሪያቸው በዚሁ ነው።

አንባቢዎቻችን ስለ ጤና አጠባበቅ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ስለ ሣር መነሣቱ ሊያስገርማቸው ይችላል። ምክንያታችን ግን ግልጽ ነው። ዛሬ በየከተማችን ማዘጋጃ ቤት «የቦታ ምደባ» ወይም «የመሬት አጠቃቀም ፕላን» ተብሎ የሚሠራበት ደንብ ለብዙ ሰው ከውጭ አገር የመጣ የመሐንዲሶች ጉዳይ ይመስለዋል፤ የጤና ጉዳይ መሆኑንም የሚያስበው ጥቂት ነው። የደንቡ አሳብ ግን በጓሳ ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት የኖረ ነው።

ይኸውም እንዲህ ነው። አስቦና ገራ ከተባሉት አባቶች እንወርዳለን የሚሉት ባለ ርስቶች ጓሳን ለሁለት ተከፍለው ይዘው፣ በየበኩላቸው አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር (ስሙ ከከተማ ከብት ማረጃ ጋር ግንኙነት የለውም)። ሥርዓቱም ቄሮ ይባል ነበር። መሬቱ ለሣርና ለግጦሽ የተለየ ስለ ሆነ አይታረስም። ሣሩ እንዲያገግም ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ተዘግቶ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ማንም ቢሆን ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት አይችልም። ሣሩ መድረሱ ሲታወቅ የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ይነገራል። ሲከፈትም መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከብት የሚገባው አጨዳው ካለቀ በኋላ ነው። ክረምቱ ሲገባ፣ ሐምሌ 5 ቀን የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሰውም ከብትም ለቆ ይወጣል። ቅጣቱ ከባድ ነበር፤ በክልከላው ጊዜ በታጨደ ሣር የተከደነ ቤት እስከ መቃጠል ይደርስ እንደ ነበር ይተረካል።

እንግዲህ ይህን ሥርዓት ስንመረምረው በአንድ መሬት ላይ ሦስት ዓይነት ፍርድ እናገኛለን። ማረስ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ማጨድና ማሰማራት የመሬቱ ተገቢ ሥራዎች ናቸው፤ ሆኖም ጊዜው፣ ተራውና ባለመብቱ ተለይቶ በታወቀበት ሁኔታ ብቻ ይፈቀዳሉ። በእነዚህም ሁኔታዎች ውስጥ የገባ ሰው ሥራውን ያለ ተጨማሪ ልመና ይሠራል። የከተማ ቦታ ምደባም ከዚህ የራቀ አይደለም። ከተማው በክፍል በክፍል ይለያል፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ያለ ጥያቄ የሚፈቀደው፣ ተመርምሮ በቅድመ ሁኔታ የሚፈቀደውና የሚከለከለው ይጻፋል። በመኖሪያ ሰፈር መኖሪያ ቤት መሥራት የተፈቀደ ነው። ክሊኒክ፣ የእህል ወፍጮ፣ ዳቦ ቤት ወይም መዋዕለ ሕፃናት ሁኔታው ታይቶ ሊፈቀድ ይችላል። የቆዳ ፋብሪካ ግን አይፈቀድም።

በውጭ አገር የሕዝብ ጤናን ስንማር ይህ ነገር ከሐኪሞች ሥራ ጋር አብሮ ያደገ መሆኑን ለመረዳት ችለናል። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1810 የወጣው ድንጋጌ መጥፎ ሽታ የሚያወጡትንና ጤናን የሚጎዱትን ሥራዎች በሦስት መደብ ከፈላቸው። የመጀመሪያዎቹ ከመኖሪያ ቤት እንዲርቁ ግድ ሆነ። ሁለተኛዎቹ መራቃቸው ግድ ባይሆንም ጎረቤትን እንደማይጎዱ ሳይረጋገጥ ፈቃድ አያገኙም። ሦስተኛዎቹ በቤቶች አጠገብ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሆኖም ቁጥጥር አይለያቸውም። የጓሳን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ በዚህ የሚደነቅ አይመስለንም። እ.ኤ.አ. በ1854 ደግሞ በሎንዶን ብሮድ ስትሪት የኮሌራ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ ዶክተር ጆን ስኖው የሞቱትን ሰዎች ቤት በካርታ ላይ እያመለከተ በሽታው በአንድ የውኃ ፓምፕ ዙሪያ መክበዱን አሳየ። በኋላም ጉድጓዱ ሲመረመር በአጠገቡ ካለ ቤት የፍሳሽ ጉድጓድ ቆሻሻ ይሰርግበት እንደ ነበር ተገኘ። ፍሳሹም ውኃውም ለየብቻቸው አስፈላጊ ነበሩ፤ ሕዝቡን የገደለው ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። አሜሪካኖች ደንቡን ለከተማ ሙሉ ያወጡት ዘግይተው ነው፤ ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1916 አወጣች፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በኦሃዮ ስለምትገኘው ስለ ዩክሊድ መንደር በተነሣው ክርክር እ.ኤ.አ. በ1926 ደንቡን አጸናው።

በአገራችን አዲስ አበባ ብዙ ፕላን አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ በ1965 ፈረንሳዊው ዴ ማርየን ያቀረቧቸው ከሚጠቀሱት ናቸው። ለከተሞች ሁሉ የሚሆን ሕግ ግን በ2000 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ተደነገገ። በዚህም ትልልቆቹ ከተሞች መዋቅራዊ ፕላን፣ ታናናሾቹ መሠረታዊ ፕላን እንዲኖራቸው፣ ፕላኑም ከመጽደቁ አስቀድሞ ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ሕንፃ የሚሠራ ሰው በቅድሚያ ያሰበው አገልግሎት ከቦታው ጋር መስማማቱን የሚያረጋግጥ የፕላን ስምምነት እንዲጠይቅ አደረገ። ብዙ ሰው ይህን ወረቀት እንደ አላስፈላጊ መጉላላት ይቆጥረዋል። እኛ ግን ከማናቸውም ክትባት የማያንስ ግምት እንሰጠዋለን።

ምክንያቱን ለመረዳት እንደ መሐል ሜዳና እንደ ሞላሌ ያሉትን የደጋ ከተሞች እንመልከት። የመንዝ ምድር ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ስንጥቅ ሲኖረው ዝናቡ በስንጥቁ ሰርጎ ከታች በኩል በምንጭ ይወጣል። አፈር በበዛበት ቦታ ቆሻሻ ውኃ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ አብዛኛው ተሐዋስ በመንገድ ላይ ይቀራል፤ በተሰነጠቀ ድንጋይ ውስጥ ግን እንደ ቦይ ሊፈስ ይችላል። መጸዳጃ ቤት ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ የሚለው የተለመደ ምክር ለአፈር የተነገረ ነው፤ ለስንጥቅ ድንጋይ አይበቃም፤ ከምንጭ በላይ ባለ ዳገት ላይ ሲሆንማ ርቀቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ከምንጭ በላይ ያለው ዳገት ለምን ሥራ ይመደባል የሚለው ጥያቄ ለታች ሰፈር ሕፃናት የተቅማጥ ጥያቄ ነው። በዚያ ዳገት ላይ ዛፍና ሣር ይፈቀድ፤ መኖሪያ ቤት መጸዳጃው የማያሰርግ መሆኑ ሲረጋገጥ በቅድመ ሁኔታ ይታይ፤ የነዳጅ ማደያ፣ የመኪና ማጠቢያና የከብት ማረጃ ይከልከል። ነዳጅ አንድ ጊዜ ወደ ውኃ ከሰረገ በማፍላት አይወጣም።

የከብት ማረጃን ነገር ትንሽ ሰፋ አድርገን እንናገር። የአዲስ አበባ ቄራ በ1949 ዓ.ም. ሲቋቋም በከተማው ዳር ነበር። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ግን መኖሪያ ቤት ቀስ በቀስ ከበበው፤ ሰፈሩም ስሙን ከእርሱ ወርሶ ቀረ። እዚህ ላይ የምንማረው ነገር አለ። ማረጃውን ከቤት ማራቅ ብቻ በቂ አይደለም፤ ቤትም ወደ ማረጃው እንዳይጠጋ በዙሪያው ያለው መሬት ለሌላ አገልግሎት መመደብ አለበት። የሸሸ ሥራ ሁሉ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ በከተማ መካከል ይገኛል፤ ያን ጊዜ ጎረቤቱ ያማርራል፣ ባለ ሥራውም እኔ አስቀድሜ ነበርሁ ይላል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው።

በታናናሽ ከተሞች ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። አጥር በሌለው ማረጃ ውሾች ይሰበሰባሉ። ውሻ የታመመ የበግ ጉበትና ሳምባ ሲበላ በአንጀቱ ትንንሽ ኮሶ ያፈራል፤ ዕንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በእጅ፣ በአትክልትና በውኃ ወደ ሰው ይገባል፤ በሰው ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ዕጢ ያበቅላል። በአንድ ቦታ የተከማቹ ውሾች የእብድ ውሻ በሽታንም እርስ በርሳቸው ይተላለፋሉ። ይህ ለጓሳ የተለየ ሥጋት ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003 እና በ2008 ከመንደር ውሾች የተላለፈው ይኸው በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ስለዚህ በጓሳ ዳር ባለች ከተማ ማረጃ የት ይቀመጥ፣ አጥሩስ እንዴት ይሁን ብሎ መወሰን ለተማሪውም ለቀበሮውም ነው።

ከዚህ በላይ የሚያስቸግረው ግን በሁለቱ ጽንፎች መካከል ያለው፣ በቅድመ ሁኔታ የሚፈቀደው ነው። ምሳሌ እንውሰድ። በመኖሪያ ሰፈር ያለች አንዲት እናት ጠላ ጠምቃ ወይም እንጀራ ጋግራ ልጆቿን ታሳድጋለች እንበል። ደንቡ ጨክኖ ንግድ በመኖሪያ ሰፈር ክልክል ነው ቢላት እንጀራዋን ነጠቃት፤ ወይም ደግሞ በስውር እንድትሠራ አደረጋት፤ በስውር የሚሠራውን ደግሞ የጤና ተቆጣጣሪ አያየውም። ዝም ብሎ ቢፈቅድላት አተላውና የዕቃ እጣቢው በጎረቤት ደጅ ይወርዳል፤ ጭሱ የሌላውን ልጅ ያስለዋል፤ ጠጪውም መጸዳጃ ሲያጣ በአጥር ሥር ይሸናል። ትክክለኛው መንገድ ሦስተኛው ነው፤ የእጣቢ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይኑር፣ ምድጃው ጭስ መውጫ ይኑረው፣ ለጠጪው መጸዳጃና እጅ መታጠቢያ ይዘጋጅ፣ የመዝጊያው ሰዓት ይታወቅ ተብሎ ይፈቀድላት። ለድኻ የሚያዝነው የደንቡ ክፍል ይህ ነው እንላለን።

ለጉቦና ለትውውቅ በር የሚከፍተውም ይኸው ክፍል ነው። «ሁኔታው ታይቶ» የሚለው ቃል ሳይብራራ ሲቀር፣ የሚታየው የምድጃው ሁኔታ መሆኑ ይቀርና የአመልካቹ ሁኔታ ይሆናል። የጓሳ አባቶች በዚህ ረገድ ከብዙ ማዘጋጃ ቤት ይበልጡ ነበር፤ የመክፈቻው ቀን በገበያ ይነገር ስለ ነበር ለወዳጅ አስቀድሞ መክፈት አይቻልም። ቅድመ ሁኔታው አስቀድሞ የተጻፈ፣ ለሁሉ የተነገረ፣ ሊለካ የሚችል፣ ሲጣስም ፈቃዱን የሚያስቀር መሆን ይገባዋል።

ይህን ስንል የጥንቱን ሥርዓት ያለ ልክ ማመስገናችን አይደለም። ቄሮ መብቱን የሰጠው ለባለ ርስት ዘር ብቻ ነበር፤ ሌላው ድኻ ሣሩን ከሩቅ ያያል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ይህ አድልዎ አብሮ ቀረ። የሚያሳዝነው ግን ጓሳን ይጠብቅ የነበረው ክልከላም አብሮ መላላቱ ነው፤ መሬቱ ለሁሉ ሲከፈት ሣሩ ተጎዳ። ከዚያም ነዋሪዎቹ በየገበሬ ማኅበራቸው ሆነው፣ የዘር ሐረግ ሳይቆጥሩ አዲስ መተዳደሪያ አቆሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አጸናላቸው። ዛሬም በሥፍራው ያለው የእንግዶች ማረፊያ በማኅበረሰቡ ስም የሚሠራ ነው።

ለከተማችን ነዋሪና ለመምህራን የምናቀርበው ጥያቄ ከዚህ የተነሣ ነው። ማዘጋጃ ቤታችሁ የከተማውን ፕላን ለአስተያየት ሲያቀርብ ቀለሙን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ምንጮቹና ጉድጓዶቹ በካርታው ላይ መኖራቸውን ተመልከቱ፤ ከሌሉ ይጨመሩ በሉ። ከእያንዳንዱ ምንጭ በላይ ያለው መሬት ለምን እንደ ተመደበ ጠይቁ። በቅድመ ሁኔታ የሚፈቀዱት ሥራዎች ዝርዝር ከነሁኔታቸው ተነቦ ይሰማ። የጂኦግራፊ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ አንድ ቅዳሜ ቢወጣ፣ የሰፈሩን ምንጭ፣ መጸዳጃ፣ ወፍጮና ማረጃ በእርምጃ ለክተው በአንድ ወረቀት ላይ መሣል ይችላሉ። ዳገቱን በፍላጻ ያመልክቱ፤ ውኃ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ልጆቹ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ከሥዕሉ አንዱን ቅጂ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ አንዱን ለአካባቢው ጤና ጣቢያ አድርሱ፤ ሦስተኛው በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ በየዓመቱም አዲስ የተሠራው ቤት ይጨመርበት።